ባለ ቆቋ ሳሙና

ፊደል አልቆጠርኩም። ይህንንም እኔ እየተናገርኩ በሰው እጅ የማስጽፈው ነው። ሱቅ ስገባ ዕቃውን የማውቀው በመልኩ ነው፤ ሻዩን በካርቶኑ፣ ዘይቱን በክዳኑ፣ ክብሪቱን ላዩ ላይ ባለው እንስሳ። እንደ እኔ ያለው ሰው ብዙ ነው። ቢስቲማ ገበያ ብትውሉ ከሴቶቹ አንዷም የሳሙናን ስም ስትጠራ አትሰሙም። «ባለ ቆቋን ስጠኝ» ነው የምትለው። ቢጫ ከረጢት ላይ አንገቷን ቀና ያደረገች ቆቅ ያለችበትን የልብስ ሳሙና ዱቄት ማለቷ ነው። ባለሱቁም ሌላ አይጠይቃትም፤ አንስቶ ይሰጣታል።

ይህን ያስቀደምኩት ከልጅ ልጄ ጋር ያቀያየመን ይኸው ስለሆነ ነው።

ልጄ እያልኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ እናቷ ዓረብ አገር ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ግድግዳውንም መሬቱንም ስትሥል ነው ያደገችው። ኮምቦልቻ ወርዳ በኮምፒውተር መሣልን ተማረችና ደሴ ፒያሳ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ሥራ ጀመረች። ግራፊክ ዲዛይነር ይሏታል። የሠርግ ካርድ፣ የምርቃት ባነር፣ የሱቅ ታፔላ ትሠራለች።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። እኔ ጥግ ተቀምጬ ነው ያየሁት። ደንበኛው መጥቶ አጠገቧ ወንበር ይስባል። ይህን ቀይ አድርጊው ይላል፣ ታደርገዋለች። የለም፣ የፊቱ ይሻል ነበር ይላል፣ ትመልሰዋለች። አንድ የሙሽራ አጎት ለአንዲት ካርድ ሦስት ቀን ሲያመላልሳት ሰንብቶ፣ መጨረሻ ላይ መጀመሪያ ባሳየችው በዚያው ተስማማ። ዋጋ ሲነገረው ደግሞ «የሠራው ኮምፒውተሩ፤ አንቺ ቁጭ ብለሽ ምን ደከመሽ?» አላት። ሳቀችለት። ሳቋ ከጉሮሮዋ እንዳልወረደ እኔ አውቃለሁ። የክፍሉ ኪራይ ግን ሳቅ አይቀበልም።

እኔ መቀመጥ አይሆንልኝም። ዛሬ ኩታበር፣ ነገ ቢስቲማ፣ ከሠርግ ለቅሶ፣ ከዘመድ ዘመድ ስዞር ነው ዕድሜዬ ያለቀው። «ደሞ ወዴት ልትበሪ ነው?» ትለኛለች። ስመለስ ግን ጉልበቴ ሥር ቁጭ ብላ ያየሁትን ሁሉ ታናዝዘኛለች። ሴቶቹ ምን ዓይነት ሻሽ አስረው ነበር? የቱ ቀለም ከየቱ ጋር ነበር? አንድ ጊዜ ከሽንኩርት ክምር ጎን የተዘረጋ ቃሪያ እንዴት ዓይኔን እንደያዘኝ ነገርኳት። በሳምንቱ ያ ቀይና ያ አረንጓዴ የአንድ ምግብ ቤት ታፔላ ላይ ወጣ። «ሐሳብ ሲነጥፍብኝ አንቺን ነው የምጠብቀው፣ እማማ» ትለኝ ነበር። እውነት ለመናገር፣ ኮራሁ። ያልተማረች አሮጊት ለተማረ ሰው ስታቀብል ማን የማይኮራ አለ።

አንድ ቀን ከኮምቦልቻ አንድ ነጋዴ መጣ። በመጋዘኑ የሳሙና ዱቄት እያሸገ የሚሸጥ ነው። ትሑት ሰው ነው፤ «እናቴ፣ ዱዓ ያድርጉልን» ብሎ እጄን ሳመኝ። በዋጋ አንድም ቃል አልተከራከረም።

በማግስቱ ልጄ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችና አንዲት ወፍ አሳየችኝ። ምን እንደሆነች ጠየቀችኝ። እርግብ ትመስላለች አልኳት። ቆቅ ናት አለችኝ።

«ቆቅማ አንገቷን እንዲህ አትሰብርም» አልኳት። «ኮሽታ የሰማች አስመስያት እንጂ።»

ከዚያማ ሳላስበው አስተማሪ ሆንኩ። ደረቷ ዝንጉርጉር ነው፣ እግሯ ቀይ ነው፣ ጭራዋ አጭር ነው እያልኩ ነገርኳት። አውራው ደግሞ ከእግሩ ኋላ እንደ እሾህ ያለ ጥፍር አለው አልኳት። ያንንም ጨመረችበት። ስትሠራ ፊቷ በርቶ ነበር፤ እንዲያ ደስ ብሏት ስትሠራ ካየኋት ቆይቼ ነበር። መጨረሻ ላይ መደቡን ቢጫ ቀባችውና እንደገና አሳየችኝ።

«አሁንስ ይቺ ምንድን ናት?»

«ባለ ቆቋ ሳሙና ናት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ወላሂ እሷው ናት። ስንት ዓመት ያጠብኩባትን አጣታለሁ?»

ተነሥታ ግንባሬን ሳመችኝ። እኔ ሥራው የእነዚያው የባለ ቆቋ ባለቤቶች መስሎኝ ነበር። አልጠየቅኳትም። ምን ብዬ እጠይቃለሁ። የተከፈላት ዕለት መርገጫው ለስላሳ የሆነ ጫማ ይዛልኝ ገባች። «ለዙረትሽ» አለችኝ።

ያንኑ ጫማ አድርጌ ኩታበር ሄድኩ። እዚያ የልጅነት ወዳጄ አለች፤ ስሄድ እሷ ዘንድ ነው የማድረው። ደጃፏ ላይ ልብስ ስታጥብ ደረስኩ። እጄን ልትስም እጇን ስትዘረጋልኝ መሐል ለመሐል ተሰነጣጥቋል። ምን ሆነሽ አልኳት።

«ሳሙናው ነው። ሰው ከፋ፣ ዝናብ ከፋ አልን፤ አሁን ደግሞ ባለ ቆቋም ከፋች» አለችኝ እየሳቀች። አረፋ እንደሌለው፣ እጅ እንደሚልጥ፣ አራስ ልጇ የወለደችውን ሕፃን ጨርቅ አጥባበት ገላው ሽፍ እንዳለ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ሌላ ሳሙና ለምን እንዳልገዛች ስጠይቃት፣ ይቺን ስንት ዓመት ሳውቃት ይላል ፊቷ።

ከረጢቱ ውሃው አጠገብ ወድቆ ነበር። አነሣሁት። ቢጫ ነው። ቆቋ አንገቷን ቀና አድርጋለች። ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት፤ ከእግሯ ኋላ እሾህ አለ። የድሮዋ ቆቅ እሾህ ኖሯት አያውቅም።

«ምን ሆንሽ አንቺ፣ ጂን እንዳየ ሰው?» አለችኝ።

ቅባት አምጥቼ እጇን አሸሁላት። ያንን እጅ የላጠው የእኔ ምክር መሆኑን አልነገርኳትም፤ እስከ ዛሬም አልነገርኳትም።

ከረጢቱን አጣጥፌ ደሴ ገባሁና ልጄ ፊት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፤ የወዳጄንም እጅ ነገርኳት። ገልበጥ አድርጋ አየችው። ቀጥላ የሌላ ሰው ሥራ እንዳልሰረቀች አስረዳችኝ። ወፏን ራሷ ናት የሣለቻት፣ ስሙም ሌላ ነው፣ በትልቁ ተጽፏል።

«ያነበበ ያውቀዋል፣ እማማ» አለችኝ።

«ያላነበበስ?»

ዓይኗ እንባ ሞላና የሠርግ ካርዱን ሰውዬ አነሣችብኝ፤ እንዴት እንደሚያዋርዷት፣ ኪራዩ እንዴት እንደሚመጣ፣ እሷ እምቢ ብትል ጎረቤቷ ያለው ማተሚያ በዚያው ቀን እንደሚሠራው። ሁሉም እውነት ነው። እኔም አልጮህኩባትም፤ መጮህ አላውቅበትም። «ያቺን ሴት የሚያታልላት ነገር ምን እንደሆነ የጠየቅሽው እኔን ነው» አልኳትና ወጣሁ።

ወር ሳይሞላ ነጋዴው ሌላ ሥራ ይዞ ተመለሰ። አሁን ሻይ ቅጠል ነው። ልጄ እንደ ልማዷ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረች፤ ያ ሁሉ ንግግር እንዳልነበረ። ቀይ ካርቶን ነው፤ ገና ሳየው የማንን ሻይ አስመስሎ እንደተሣለ አወቅኩት።

«ዓይኔ ደክሟል፤ አይታየኝም» አልኳት።

ደነገጠች። ይህን አላሰብኩም። ሌላ ጊዜ ብታሳየኝም ያንኑ አልኳት፣ ደግሜም አልኳት። አንድ ጧት እጄን ይዛ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። መነጽር ልትገዛልኝ ነው፤ በምን ገንዘብ እንደሆነ አውቃለሁ።

ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ሰሌዳ አሳየኝ። ሦስት ጣት የመሰለ ምልክት ነው ከላይ እስከ ታች የተደረደረው፤ ከላይ ትልቅ፣ ወደ ታች እያነሰ ይሄዳል። ፊደል ለማይቆጥር ሰው የተሠራ ነው አለኝ። እኔን አስቦ እንዲህ ያለ ነገር የሣለ ሰው አለ ማለት ነው አልኩ በልቤ። ሊያታልለኝ ሳይሆን ሊያየኝ ብሎ።

«ጣቶቹ ወዴት እንደዞሩ በእጅዎ ያሳዩኝ» አለኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ልጄ በሩ ጋ ቆማ ታየኛለች። እጄን አነሣሁ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ቀኝ። እስከ መጨረሻዋ መስመር ወረድኩ፤ አንድም አልሳትኩም። ሐኪሙ ሳቀና ለልጄ «ከአንቺ ይሻላሉ» አላት።

ስንመለስ እንደ ሁልጊዜው የመኪና መንገድ ስንሻገር ክንዴን ያዘችኝ። ከተሻገርን በኋላ አለቀቀችኝም።

«ታያለሽ ማለት ነው» አለችኝ።

«አያለሁ» አልኳት።

የነጋዴው ሻይም ያንኑ ቀይ ካርቶን ለብሶ ገበያ ወጣ፤ ቢስቲማም ኩታበርም ተደርድሮ አየሁት። ልጄ ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙራ አታውቅም፤ ከመንገድ ስመለስም ምን አየሽ አትለኝም። እኔ አሁን ሱቅ ስገባ ባለሱቁን ስሙን አንብብልኝ እለዋለሁ። ያነብልኛል። ትክክል ያንብብ አያንብብ አላውቅም፤ አምኜው እገዛለሁ።