የመጀመሪያው «ይቅርብኝ»

ልጄ በኢኮኖሚክስ ተመርቃ ፍኖተ ሰላም ቤታችን ከገባች ወዲህ፣ ዲግሪዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከእኔ ቀድሞ ሸበተ። እኔም በቆሎ ስመዝን ያረጀሁበትን የእህል መጋዘን፣ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት የታከተው ነጋዴ ቆልፎት ሄደ። በአንድ ቤት ሁለት ሥራ ፈት ሆንን። የተማረችው ለሁለታችንም ስም አወጣች።

«እኔ የተማርኩ ሥራ አጥ ነኝ። እርስዎ ደግሞ መዋቅራዊ ሥራ አጥ ነዎት፣ አባባ» አለችኝ።

መዋቅራዊ መባሉን ወደድኩት። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ማዕረግ የሰጠኝ ስለሌለ ለሰፈሩ ሁሉ ሳወራ ዋልኩ። ሚስቴ ግን «ማዕረጉ ወጥ ይሆናል?» አለችኝ። ሽሯችን ከመቅጠኑ የተነሳ ዓሣ ቢለቁበት ይዋኝ ነበር። ልጄ ይህንን የዋጋ ግሽበት ትለዋለች። እኔ የማውቀው ሳህኑ ሥር የተሳለው አበባ መታየት መጀመሩን ነው።

በዚህ መሀል ቡሬ ያለ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ለግዢ ክፍል ሠራተኛ ፈልጎ ለቃለ መጠይቅ ጠራት። ያኔ ቁርጧን ነገረችን፤ ይኸኛው ካልሆነ ዓረብ አገር ትሄዳለች። የደላላው ቁጥር ስልኳ ውስጥ ተቀምጧል። ሚስቴ ይህን ከሰማች ወዲህ እህል አልቀመሰችም ማለት ይቻላል፤ የሚቀመሰውም ብዙ አልነበረም።

እኔ በልጅነቴ ቅኔ ቤት ጥቂት ስለተቀመጥኩ የማውቀው የማስተማሪያ መንገድ አንድ ነው፤ እስኪወጣላት ማስደገም። ከደብተሯ ላይ ቃላቱን እያነበበች አስጠናችኝና እኔ መልሼ እጠይቃት ጀመር። አቅርቦትና ፍላጎት። ምርታማነት። የእሴት ሰንሰለት። የሰው ኃይል። ከመደጋገሙ ብዛት የጎረቤት አውራ ዶሮ ራሱ «የእሴት ሰንሰለት» እያለ የሚጮህ መሰለኝ።

የቀጠሮው ቀን ሚኒባስ ውስጥም አላረፍኩም። አጠገባችን የተቀመጡ ቄስ ሲያዳምጡ ቆይተው፣

«ይኼ ደግሞ የምን ዳዊት ነው?» አሉ።

«የሥራ ገበያ ቃላት ነው፣ አባ» አልኳቸው።

«ገበያ ካላችሁ ሻጩ ማን ነው?»

«እኛ ነን።»

«ገዢውስ?»

ልጄ ቀደመችኝ። «እሱን ፍለጋ ነው የምንሄድ፣ አባ።»

ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሟት።

ፋብሪካው በር ላይ ከዘበኛው ጋር ተቀምጬ ጠበቅሁ። ልጄ ፊቷ በርቶ ወጣች።

«የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩ። ስለ እሴት ሰንሰለት ስናገር የጠያቂዎቹ ሰብሳቢ ራሱን እየነቀነቀ ይጽፍ ነበር።»

«መጨረሻውስ?»

«ከሰኞ ጀምሮ ብንቀጥርሽ ፈቃደኛ ነሽ ወይ አለኝ።»

«አንቺስ?»

«ኧረ ይቅርብኝ፣ ከእኔ የሚሻል አይጠፋም አልኩት።»

እኛ ዘንድ ሰው ብላ ሲባል ወዲያው እጁን አይሰድም። መጀመሪያ በቃኝ ይላል። ባለቤቱ አፈር ስሆን ብሎ ይለምነዋል። አሁንም በቃኝ ይላል። ከዚያ እየተጎተተ እንደሚሄድ በሬ ወደ ገበታው ይቀርባል። ይህን ለልጄ ከአፏ ወተት ሳይደርቅ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

«ታዲያ አልለመኑሽም?» አልኳት።

«አልለመኑኝም። አመሰግናለሁ ብሎ ቀጣይዋን ጠራ።» ያን ጊዜ ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት።

ዘበኛውን ለምኜ ገባሁ። ሰብሳቢው ክራባት ያሠረ ወጣት ነው፤ ሲያየኝ ተነሣልኝ።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት። ግን ሥራውን አልፈልግም አለች።»

«ይቅርብኝ ነው ያለች። አንተ የት አገር ሰው ነህ?»

«ደምበጫ ነው የተወለድኩ።»

«ደምበጫ፣ እናትህ ቤት፣ እንግዳ በመጀመሪያው ጥሪ ይበላል?»

ሳቅ ሊል ፈልጎ አቀረቀረ። «አይበላም። እዚህ ግን ሁለት ጊዜ አንጠይቅም። ቀጣይዋ እሺ ብላ ፈርማለች።»

እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዘኝ። «እንደሱ አያድርጉ። ቦታው አንድ ነበር።»

በመልሱ መንገድ ቃል ማስደገሙን ተውኩት። ሚኒባሱ ማንኩሳ ከተማ ሲደርስ ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ቋጠሮዋን ፈትታ ዞር አለችና «ቆሎ እንኩ» አለች። ልጄ ቃሉ ሳያልቅ ሁለት እጇን ዘረጋች። ተመለከትኳት፤ እሷ ግን ወደ እኔ አላየችም።

«አንቱስ፣ አባት?» አለች ሴትየዋ።

«ኧረ በቃኝ፣ ይባርክሽ» አልኩ። ከጠዋት ጀምሮ ከውኃ በቀር በአፌ የዞረ ነገር አልነበረም።

ሴትየዋ አልደገመችም። የቋጠሮዋን ጫፍ አስራ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። ድሮ ቢሆን ጉንጬን ይዛ ታጎርሰኝ ነበር፤ ዛሬ የቀረላትም ያችው እፍኝ ቆሎ ትሆናለች።

ልጄ ግማሹን ቆሎ መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝ። ከዚያ እጇን በነጠላዋ ጠራረገችና ስልኳን አወጣች። ለማን እንደምትደውል አልጠየቅኋትም።