የሙሄዲን አውራ ጣት

ሙሄዲን ኮምቦልቻ ውስጥ እብነ በረድ ሲቆርጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከሥራ ቀርቶ አያውቅም፤ ልጁን የዳረ ለታ እንኳ ግማሽ ቀን ሠርቶ ነው የሄደው። ታዲያ የፋብሪካው በር ላይ የአሻራ ማሽን ተተከለና ጉድ ፈላ። ጠዋት አውራ ጣቱን ሲያስቀምጥ ቀይ መብራት! ደግሞ ሲሞክር ቀይ! ማሽኑ ስድስት ጠዋት «ቀሪ» ብሎ መዘገበው። አለቃውም «ሰባተኛው ከመጣ ይሰናበታሉ» አሉት።

«ድንጋዩ አሻራዬን በልቶ ጨረሰው» አላት ሚስቱን ፈትሂያን። እንባው መጣ።

ማሽኑን እንድታይ ሱሀይላ ተጠራች፤ ሆጤ ሰፈር ሞባይል የምትጠግን፣ አፏ የማያርፍ የደሴ ልጅ።

«ጋሼ፣ አንድም ቀን አላነበበዎትም?»

«ይገርምሻል፣ ቀትር ላይ ከዙህር ሶላት ስመለስ ያነበኛል። ጠዋት ነው እንደ ሌባ የሚያባርረኝ።»

«ከሶላት በፊት ምን ያደርጋሉ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! ውዱእ ነዋ! እጄን፣ ፊቴን፣ እግሬን እታጠባለሁ!»

ልጅቷ አጨብጭባ ሳቀች። «አብሽሩ፣ ተገኘ! ይሄ መስታወት ጣትዎን ፎቶ ነው የሚያነሣው። ደረቅና የተፋቀ ጣት አይታየውም። ውሃ ሲነካው ቆዳዎ ይለሰልሳል፣ ያኔ ያይዎታል።»

ከቦርሳዋ ሌላ የአሻራ ማንበቢያ አወጣች፤ የቆዳን ኤሌክትሪክ የሚለካ፣ ሞባይል ላይ ያለው ዓይነት። በደረቁም ታጥቦም ቢነካው እምቢ አለ። «ይሄ ደግሞ እርጥብም አይወድም፤ የባሰበት ነው!» ብላ ወረወረችው። ሦስተኛው ብርሃኑን ከላይኛው ቆዳ አሳልፎ ከሥር ያለውን አሻራ የሚያይ ነው። አሻራውን መዘገበችበትና «አሁን ከነአቧራዎ ይሞክሩ» አለችው።

አረንጓዴ! ደገመ፤ አረንጓዴ!

አለቃው ግን «ለአንድ ሰው ተብሎ ማሽን አይቀየርም» አሉ።

«ለአንድ ሰው?» አለ አብሮት የሚቆርጠው በሺር። «እኔ በየጠዋቱ ጣቴን ልሼ አይደል የምገባው!» ከኋላው የነበሩት ቆራጮች አንድ በአንድ አውራ ጣታቸውን ዘረጉ። ለካስ ሁሉም ይልስ ኖሯል! አለቃው የተዘረጋውን ጣት ሁሉ አዩና አፈሩ። ማሽኑ ይቀየር፣ የሙሄዲን ስድስት ቀንም ይሰረዝ ብለው አዘዙ።

ሙሄዲን ያን ቀን እየሮጠ ነው ቤቱ የገባው። ጫማውን ሳያወልቅ አውራ ጣቱን ሚስቱ ፊት ደቀነ።

«ፈትሂያ፣ አላለቀም! ወላሂ፣ ከሥሩ አለ!»