እርጥብ እንጨት ያነደደችው የጢቾዋ ልጅ

እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲጨስ ከሸተተኝ እስከ ዛሬ ቅናቴ ይነሳብኛል። ይኸው አሁን እንኳ ጭሱ የጎረቤት አጥር እየዘለለ ሲመጣ መስኮቱን ዘጋሁት።

አሰላ ክረምት ሲገባ ደረቅ እንጨት ማግኘት ጭንቅ ነበር። የጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ይውላል፣ የተፈለጠው እንጨት ዝናብ ይጠጣል፣ ማድቤታችን ውስጥ ከእሳቱ ይልቅ ጭሱ ይበዛል። እናቴ ደግሞ አስም ነበረባት። ሁለተኛ ደረጃ ስማር ነው የጢቾዋ ልጅ እኛ ግቢ የተከራየችው። ወላጆቿ ከጢቾ ከተማ ለትምህርት ልከዋት ነው፤ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል እንማር ነበር።

የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ የአሰላን ብርድ እየረገመ ካፖርቱን ሳያወልቅ የሚያስተምር ሰው ነበር። አንድ ቀን ሻማ ለኩሶ ብርጭቆ ደፋበት፤ ነበልባሉ ተርገብግቦ ጠፋ። እሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል አለን፤ የሚቃጠል ነገር፣ ሙቀትና ኦክስጅን። ነበልባል ሆኖ የሚታየው ከጋለው እንጨት የሚወጣው ጋዝ እንደሆነ፣ እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ ውሃውን በማትነን እንደሚያልቅ ነገረን። ሁሉንም በቃሌ ያዝኩት። ለእናቴ ጭስ የሌለው እሳት ላነድላት ጓጓሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ቅንጬ ሊጣድ ነው። ምድጃውን በእንጨት ጠቀጠቅኩትና ኦክስጅን ይብዛለት ብዬ በሰፌድ አራገብኩት፣ አራገብኩት። አመዱ ተነስቶ የእናቴ ነጠላ ላይ አረፈ፤ ያለችውም ፍም ቀዝቅዛ ሞተች። እናቴ እያሳለች፣ "አንቺ ተይው፤ እሷን ጥሪልኝ" አለች።

ሄጄ የጢቾዋን ልጅ ጠራኋት፤ ምን አማራጭ ነበረኝ? ልጅቷ መጥታ ከጠቀጠቅኩት እንጨት ግማሹን አወጣች። የቀረውን ከሥሩ አየር እንዲገባ ድንጋይ ላይ ከፍ አድርጋ አስደገፈችው። ደረቅ ኩበት ቆርሳ ከታች ለኮሰችና እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። እንጨቱ እየተንጨረጨረ ውሃው ከጫፉ አረፋ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ጭሱ ራሱ እሳት ያዘና ማድቤቱ ጠራ። እስከዚያ ቀን እናቴን "እትዬ፣ እርስዎ" የምትል ልጅ፣ "አዮ ኮ፣ ዞር በይ፣ ጭሱ እንዳይጎዳሽ" አለቻት። እናቴ በኦሮምኛ "የኔ እናት" ስትባል ፊቷ በራ፤ ጉንጯን ሳመቻት።

ቅናት አንጀቴን አሳረረው። ያስተማረን አንድ አስተማሪ ነው፤ እሷ የምታውቀውን እኔም አውቃለሁ። ግን እኔ ስቸኩል እሷ መጠበቅ ትችልበታለች። ከዚያ ወዲያ በገዛ ቤቴ እንግዳ የሆንኩ መሰለኝ። ትምህርቷን ጨርሳ ስትሄድ እናቴ አለቀሰች፤ እኔ እፎይ አልኩ።

አምና እናቴ አረፈች። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ የጢቾዋ ልጅ ደረቷን እየደቃች ገባች። ለቀስተኛው የሟች ልጅ መሰለችውና እኔን እያለፈ ያጽናናት ጀመር። በእናቴ ለቅሶ እንኳ ቀናሁ፤ ምን ይደረግ። ቦታ ለቅቄ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ለቀስተኛው ቀለል ሲል እጇን ያዝኩና፣ "እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ" አልኳት።