ሁለተኛው ጉርሻ

አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል። ሰው ይህን የሚለው ሁለተኛውን ለማጉረስ ሲያመቻች ነው፤ ማንም ከምሩ አይወስደውም። እኔንና እናቴን ግን ከምር አጣልቶናል፣ ያውም ከመስቀል እስከ መስቀል።

የምኖረው ቡታጅራ ነው፤ በልብስ ስፌት እተዳደራለሁ። እናቴ ወልቂጤ ናት፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር። መስቀል ሲደርስ እናቱ ደጅ የማይደርስ ጉራጌ የለምና እኔም ማሽኔን ሸፍኜ፣ ሱቄን ቆልፌ ሄድኩ። የዚያን ዓመት ግን ጓዜ ከወትሮው ይለይ ነበር፤ አንድ ፌስታል አቮካዶ፣ ቲማቲም፣ ካሮትና ሎሚ ይዣለሁ። ከሁዳዴ ጀምሮ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ትቼ ነበር። እሱ ብቻ ቢሆን ማንንም ባልደነቀ፤ አገሩ ጾም ያውቃል። እኔ ግን እሳት የነካውንም ትቻለሁ። አትክልቱንም ፍራፍሬውንም ለውዙንም እንዲያው በጥሬው ነበር የምበላው።

አጀማመሬ የሚያኮራ አይደለም። የፋሲካ ልብስ ተከምሮብኝ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ከሰሉም አልቆ፣ ቀትር ላይ ሆዴ ሲጮህ እጄ ላይ ያለውን ቆራርጬ በሎሚ በላሁ። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና አንድ አቮካዶ ነበር። ለዛሬ ይሁን ብዬ ነው። ከዚያ በፊት ምሳዬን ሽሮ በልቼ ማሽኑ ላይ ስቀመጥ እንቅልፍ ይጥለኝ ነበር፤ ደንበኞቼ «ቀስ በሉ፣ መርፌው እንዳይወጋት» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። የዚያን ቀን ከሰዓት ግን ዓይኔ አልተከደነም። ሁለት ቀሚስ ጨርሼ ሦስተኛውን ጀመርኩ። በማግስቱ መብራት መጣ፤ እኔ ግን ምድጃዬን አልነካሁትም።

ከዚያ ወዲያ በስልኬ እየፈለግሁ እንደኔ የሚበሉ ሰዎችን ማየት ጀመርኩ። ግማሹ የሚበሉት ነገር እዚህ አገር ስሙም አይታወቅም። ቢሆንም የምኖረው ቡታጅራ ነው፤ ገበያ ወጥቼ የምመርጠው እንጂ የሚጎድለኝ አልነበረም። ፋሲካ አልፎም ቀጠልኩ። ጎረቤት ጾሙ መፈታቱን ሊያስታውሰኝ መጣ። ሳልሰማ ስቀር «ስለት አለባት» ተባለ። አንዷ ደንበኛዬማ ቀሚሷን እየለካሁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ምን ብትሠሪ ነው የንስሐ አባትሽ ይሄን ያህል ቀኖና የሰጡሽ?» አለችኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወገቧን ሁለቴ ለካሁ።

ክብደቴ ቀነሰ፣ ቀለበቴ ላላ፣ ዳገት ስወጣ ወሬዬን ሳላቋርጥ መውጣት ጀመርኩ። ከምንም በላይ ደስ ያለኝ ግን ጠዋት ነው። ጠዋት ስነሳ ሰውነቴ የኔ ነበር። እንዲህ ያለ ጠዋት ከልጅነቴ ወዲህ አላስታውስም፤ ደስታዬን የምነግረው ሰው ስላጣሁ ለማሽኔ እነግረው ነበር።

ያን ደስታ ይዤ ነው ወልቂጤ የገባሁት። እናቴ ፌስታሉን አየችና ለእሷ ያመጣሁላት መስሏት መረቀችኝ። ለማስረዳት ሞከርኩ። «እሺ እሺ» አለች፣ ሰው የሕፃን ህልም ሲሰማ እንደሚለው። ወንድሜ፣ «ጥሬ ከሆነ የፈለገችው ክትፎውም ጥሬ ነው» ብሎ ቤቱን አሳቀው።

ክትፎው ቀረበ። እናቴ እንደ ወጉ ተነሳች፣ ከክትፎው በቆጮ ጠቅልላ አፌ ፊት አመጣችው። ዓመቱን ሙሉ ቅቤ ስታጠራቅም የምትከርመው ለዚህች ቀን ነው። ከገበያ እስከ ማጀት፣ ልፋቷ ሁሉ እዚያች ጉርሻ ውስጥ አለ። እምቢ ለማለት አፌን ስከፍት አጎረሰችኝ ማለት ይቀላል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ራሴ አፌን ከፍቼ ተቀበልኩ። ደግሞም ጣፈጠኝ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ በጣም ጣፈጠኝ።

ወዲያው ደነገጥኩ። ስንት ወር የጠበቅሁት በአንድ አፍታ ፈረሰ ብዬ በራሴ ተናደድኩ። እናቴ «አንድ ያጣላል» እያለች ሁለተኛውን ጠቅልላ ስትመጣ ንዴቴ እሷ ላይ ወጣ። ፊቴን አዞርኩና፣ «በቃኝ አልኩ እኮ! እኔ ይሄን አልበላም» አልኳት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

እጇ አየር ላይ ቀረ። ወንድሜ ነገሩን ሊያበርድ አፉን ከፍቶ ተጠጋና ጉርሻው ለእሱ ሆነ። ሰው ሳቀ፤ እናቴ አልሳቀችም።

እናቴ ስትቆጣ በጉራጊኛ ነው የምትቆጣው። ያ አያስፈራኝም፤ ያደግሁበት ነው። ስታኮርፍ ግን በአማርኛ ታናግረኛለች፣ እንደ እንግዳ ሰው። የዚያን ቀን ማታ፣ «እጅሽን መታጠብ ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

ቡታጅራ ስመለስ ሁለት ጸጸት ይዤ ተመለስኩ፤ ሁለቱም ከአንድ ሣህን የመጡ ናቸው። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስለተቀበልኩ ራሴን እሰድባለሁ፣ ሁለተኛውን ስላልተቀበልኩ ደግሞ አለቅሳለሁ። አንዴ ፈርሷል ብዬም ወደ ዳቦና ሻይ ተመለስኩ። እንቅልፌም ወደ ማሽኑ ተመለሰ።

ከሱቄ ጎን አትክልት የምትሸጥ የመስቃን ሴት አለች። ሙስሊም ናት፤ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ጠዋት ጠዋት «አሰላሙ አለይኩም» ስትለኝ፣ ክርስቲያን ብሆንም «ወአለይኩሙ ሰላም» እላታለሁ፤ ከዚያ ወሬያችንን እንቀጥላለን። ለቀናት ደጇን ሳልረግጥ ስቀር ራሷ መጣች።

«አንቺ ልጅ፣ አቮካዶዬ ምን በደለሽ?» አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ሙሉውን ሰምታ፣ «በኛ ዘንድ» አለች፣ «ሰው ጾም ይዞ ሳለ ረስቶ ቢበላ ጾሙ አልፈረሰም። አላህ ነው ያበላው ይባላል። ጾሙን ይቀጥላል።»

«እኔ እኮ ረስቼ አይደለም። እያወቅሁ ነው የዋጥኩት» አልኳት።

«እንግዲያ አንቺን እናትሽ ናት ያበላችሽ» አለች። «አመስግኚና ቀጥዪ። ደግሞ ይሄን ፓፓያ ዛሬ ካልበላሽው ነገ አይሆንም።»

ፓፓያውን ቆሜ በላሁት፣ እንባዬ እየወረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ልማድ አበጀሁ። ከመብላቴ በፊት አመሰግናለሁ። ገበሬውን፣ ይችን ሴትዮ፣ ዝናቡን አመሰግንና መጨረሻ ላይ፣ «እማዬ፣ ለዚያች ጉርሻም እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ይከብደኝ ነበር፤ እያደር ቀለለኝ። ሠርግ ቤት ሰው አስጨንቆኝ የበሰለ ነገር ከቀመስኩም በማግስቱ ወደ ቲማቲሜ ነው እንጂ ወደ ዳቦና ሻይ አልሄድም። ራሴን መስደብ አንድም ቀን ጎመን ቆርጦልኝ አያውቅም።

እንዲህ እያልኩ ለመጀመሪያዋ ጉርሻ ራሴን ይቅር አልኩ። የሁለተኛዋ ግን በኔ ብቻ የሚያልቅ አልነበረም። በስልክ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ምንም አይደል፣ ሥራ እንዴት ነው?» አለች፣ በአማርኛ። ቀሚስ ሰፍቼ ላክሁላት። «በጣም ቆንጆ ነው፣ አመሰግናለሁ» አለች፤ እናቴ በአማርኛ ስታመሰግነኝ ከመስማት እርግማኗን በጉራጊኛ ብሰማ እመርጥ ነበር።

ጥር ላይ ጨርቅ ልገዛ አዲስ አበባ ሄጄ ስመለስ ሚኒባሳችን ቡኢ ከተማ ላይ ቆመ። ሴቶች የሽምብራ እሸት ከነተክሉ ታቅፈው መስኮቱን ከበቡት። ተሳፋሪው ሁሉ ገዛ። ሹፌሩ በአንድ እጁ መሪ ይዞ በሌላው ይፈለፍላል፣ ከኋላዬ ያሉት ሽማግሌ ይፈለፍላሉ፣ እኔም እፈለፍላለሁ። መኪናው ሙሉ ሰው ሳይቀቅል ሳይቆላ ይበላል፤ ማንም ማንንም ስለ ቀኖና አልጠየቀም። ሳቄ መጣና ስልኬን አወጣሁ።

«እማዬ፣ እሸት እየበላሁ ነው» አልኳት።

«ልጅ ሆነሽ ከሰው ማሳ ገብተሽ የባቄላ እሸት በልተሽ ሆድሽ እንደ ከበሮ ተነፍቶ አልነበር? ቀስ ብለሽ ብይ!» አለች። በጉራጊኛ ነበር የተናገረችው፤ እሷም ወዲያው ታወቃት። «መልካም መንገድ» ብላ በአማርኛ ዘጋችው። እኔ ግን ቡታጅራ እስክገባ ፊቴ እንደበራ ነበር።

መስከረም ጠባ። ዘንድሮ የሄድኩት ቀደም ብዬ፣ ከሥጋው ክትፎ በፊት ጎመን ክትፎ በሚበላበት ቀን ነው። ፌስታሌን ግን አልያዝኩም። ምን እንደምበላ አላውቅም ነበር፤ ካስፈለገ ሎሚ እየመጠጥኩ ለመዋል ቆርጬ ነበር። እናቴን ማጀት አገኘኋት። ለሌላው ሰው የሚሆነው ጎመን ተቀቅሎ ተጨምቋል። እሷ ግን መክተፊያዋን ፊቷ አድርጋ ሌላ ጎመን ይዛለች፣ አረንጓዴ፣ እሳት ያላየ።

«ይሄ ገና አልተቀቀለም እኮ» አልኳት።

ለጋ ለጋውን መርጣ፣ አገዳውን አውጥታ፣ ቢላዋው እስኪዘምር ከተፈችው። በጨውና በሎሚ አሸችው፤ ጎመኑ በእጇ ውስጥ ለሰለሰ። ነጭ ሽንኩርት ጨመረች፣ ከደጃፏ ዛፍ የወረደ አቮካዶ በቅቤው ቦታ ፈጨችበት፣ ሚጥሚጣ ነሰነሰች። ከዚያ ከጓሮ የተቀነጠሰ እርጥብ ኮሰረት አነሳችና አድቅቃ ከተፈችበት። ቅቤዋን የምታነጥርበት ቅጠል ነው። ማጀቱ የእናቴን ቅቤ ሸተተ፣ አንዲት ጠብታ ቅቤ ሳይኖርበት። እኔ በስልኬ ስንት ሰው አይቼ ይህን ያሰበ አላገኘሁም።

ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ፣ «አሁን ነው የመጣሽው?» አለኝ። «ከነሐሴ ጀምሮ ስትሞክረው እኮ እኔ ነኝ ቀማሹ። በጥሬ ጎመን ልትጨርሰኝ ነበር።»

«አንተን ብሎ ቀማሽ። ሦስቴ ጨምሪልኝ አላልክም?» አለችው እናቴ።

ገበታው ቀረበ። አምና የነበረው ሰው ሁሉ አለ፤ የአምናውንም ማንም አልረሳም። እናቴ ተነሳች። ከጥሬው ጎመን ክትፎ በእጇ ወሰደች፤ በቆጮ ሳይሆን በአንድ ለጋ የጎመን ቅጠል ጠቀለለችው፤ መጥታ አፌ ፊት ያዘችው።

«ይሄ የአምናው ነው» አለችኝ በጉራጊኛ። «ሁለተኛው። አፍሽን ክፈቺ።»

ከፈትኩ። ጉርሻዋ ትልቅ ነበር፤ ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው የሚያምረው የሚሉት ሰዎች እናቴን ሳያውቋት አልቀሩም። ጉንጬ ሞልቶ፣ ኮሰረቱ አፍንጫዬ ድረስ ወጥቶ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችኝ።

«ሚጥሚጣው በዛ እንዴ?»

እስክውጥ ጠበቀችኝ።

«አልበዛም፣ እማዬ» አልኳት። «ጨምሪልኝ።»