የሚሸጥ ቤት፣ መሐል ሜዳ

ደላላው ወደ ሱቄ ሲመጣ መብራት ጠፍቶ፣ ፎቶ ኮፒ ሊያስደርጉ የመጡት ተመልሰው፣ እኔ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ በር ላይ ተቀምጬ ነበር። መሐል ሜዳ ላይ የጽሕፈት ሱቅ ከከፈትኩ ቆይቻለሁ። ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ስለተማርኩ ስልክ የተበላሸበትም፣ የይለፍ ቃል የጠፋበትም እኔ ጋ ነው የሚመጣው።

«እህቴ፣ ዌብሳይት ትሠሪያለሽ?» አለኝ።

«የምን ዌብሳይት?»

«የቤት። የሚሸጥ፣ የሚከራይ። ገዢው አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ በስልኩ ከፍቶ እንዲያይ። እኔ ሰው ይዤ በእግሬ መዞር ሰለቸኝ።»

እኔም ሰልችቶኝ ነበር፤ ምን እንደሰለቸኝ ግን እንደ እሱ ለይቼ መናገር አልችልም። እሺ አልኩት።

ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር። እሱ የፈለገው ሲከፈት የሚሮጥ ጽሑፍ፣ ከኢንተርኔት የወረደ ባለ መስታወት ፎቅ፣ ከጎኑ ደግሞ ራሱ ሙሉ ልብስ ለብሶ የተነሣው ፎቶ ነው። ሠራሁለት። ደጃፌ ቆመን በስልኩ ስንከፍተው የፎቁ የላይኛው ግማሽ መጣና ቆመ። ሌላው ግማሽ እስኪመጣ ጠበቅን። አልመጣም።

«ኔትወርኩ ነው» አለ።

«ኔትወርኩማ ሁሌም ይኸው ነው። እዚሁ አጠገባችን ዘመሮ ከተማ ያለ ሰው እንኳ እንዴት ሊከፍተው ነው?»

ፎቁን አወጣሁት። የሚሮጠውንም ጽሑፍ አወጣሁት። የእሱን ፎቶ ላወጣ ስል ግን ተቆጣ፤ አሳንሼ ከታች አስቀመጥኩት። በመጨረሻ የቀረው ነጭ ገጽ ነው። ከላይ «ሽያጭ» እና «ኪራይ»፣ ከሥር ለየቤቱ አንድ ፎቶ፣ ቦታው፣ ስንት ክፍል እንደሆነ፣ ውኃና መብራት መኖሩ፣ የሚደወልበት የእኔ ስልክ። ቶሎ ይከፈታል። «የድሃ ይመስላል» አለኝ፤ ግን ተቀበለው።

ያደከመኝ ኮምፒውተሩ አልነበረም፤ ቤቶቹ ናቸው። ፎቶ የማነሣው እኔ ነኝ። ክረምት ነበር፤ ጉሙ ከጓሳ ተራራ በኩል ወርዶ ግቢውን ሞልቶ ይቀመጣል። የማነሣው ቤት ሁሉ ለቅሶ ቤት ይመስላል። ጭቃውን ረግጬ እሄዳለሁ፣ ጉሙ እስኪገለጥ አጥር ሥር እቆማለሁ፣ ብርዱ ሲብስብኝ እመለሳለሁ። አንዱ ሰውዬ በጉን ከበረንዳው አላወርድም ብሎኝ ቤቱን ከነበጉ አነሣሁት።

ከገበያው በላይ ያለውን የድንጋይ ቤት ያስመዘገበው ደብረ ብርሃን የሚኖር ልጅ ነው። የእናቱ ቤት ነው። «እናቴ ብቻዋን ሆናለች፣ ወደ እኔ ልወስዳት ነው» አለን በስልክ። ስሄድ ባልቴቷ ደጁን ጠርገው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«እማማ፣ ቤቱን ብቻ ነው የማነሣው» አልኳቸው።

«እኔስ ከቤቱ አይደለሁ?» አሉና ስቀው ፈቀቅ አሉልኝ።

ስለ ሽያጩ አላነሣሁባቸውም። ያልሰሙ ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ።

ቤቱ ገጹ ላይ በወጣ በሳምንቱ አንዲት ሴት ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። የባልቴቷ ልጅ ናት። የአገሯ ሰው በቴሌግራም ልኮላት ነው ያየችው።

«የእናቴን ቤት ሽጪ ያለሽ ማን ነው?»

«ወንድምሽ ነው ያስመዘገበው።»

«እናቴ በሕይወት እያለች? አሁኑኑ አንሺው! ሜዳ ላይ ልትጥሏት ነው?» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ብዙም ሳይቆይ ወንድሟ ደወለ። «እንዳታነሺው። እሷ የምትመጣው ዓመት በዓል ሲሆን ነው። እናቴ ስትታመም የሚደወለው ለእኔ ነው።»

ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ይደውሉልኝ ጀመር። ደላላው «ዝም በያቸው፤ ወንድምና እህት ናቸው» አለኝ። ዝም ማለት አልሆነልኝም። እንጀራ ልቆርስ ስል ስልኩ ይጠራል፣ ጎኔን ላሳርፍ ስል ይጠራል። አንድ ቀን ሱቁን ዘግቼ ወደ ባልቴቷ ወጣሁ።

አስገቡኝ፣ የበግ ጠጉር ባና ጉልበቴ ላይ ጣሉልኝ። ልጃቸው ያለውንም፣ ሴት ልጃቸው ያለችውንም ነገርኳቸው።

«ሽጠው ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«እርስዎ?»

«እኔ። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ለቅሶዋን አልችለውም። እሱ ደግሞ ደብረ ብርሃን ልውሰድሽ ይላል። ደብረ ብርሃን ምን አለኝ? ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ መነኮሳይቶቹ ጋ አንዲት ክፍል አለች። ከአለቃው ጋር ጨርሻለሁ። ቆብ ልጭን ነው።»

«ቤቱ አያሳዝንዎትም?»

ጣሪያውን ቀና ብለው አዩት። «ሙሽራ ሆኜ ከገባሁ ጀምሮ ስጠርገው ኖሬያለሁ። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ለማን እንደምጠርገው አላውቅም። ልሂድ ስል ሁሉም ያዝንልኛል። ደክሞኛል ስል ግን የሚሰማኝ የለም።»

እንዲህ በግልጽ «ደክሞኛል» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ለካ እንዲህ መናገር ይቻላል።

«እኔም ደክሞኛል፣ እማማ» አልኳቸው።

ከምን ብለው አልጠየቁኝም። ትኩስ አጥሚት ቀዱና «ጠጪ» አሉኝ። ጠጣሁ። ከዚያ ገጹን በስልኬ ከፍቼ የተጻፈውን አነበብኩላቸው፤ «ጠንካራ የድንጋይ ቤት፣ ሦስት ክፍል፣ ውኃና መብራት ያለው።»

«ማፍሰሱስ?»

«ምኑ?»

«ጣሪያው። በጓዳው በኩል ያፈሳል። እሱንም ጻፊ። ልመነኩስ እየሄድኩ ገዢ እንዲረግመኝ አልፈልግም።»

እዚያው ተቀምጬ ጨመርኩት። በኔው ስልክ ለሴት ልጃቸው ደወሉላት። እሷ ስታለቅስ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ጠበቁና «ጨረስሽ?» ብለው ነገሩን ከመጀመሪያው ነገሯት።

ደላላው የጻፍኩትን ሲያይ ጮኸብኝ። «ያፈሳል ተብሎ የሚተዋወቅ ቤት የት አይተሻል?»

«የቤቱ ባለቤት ናቸው ያሉት» አልኩት። አልተከራከርኩም፤ ጽሑፉንም አልነካሁትም።

ቤቱ የተሸጠው መስከረም ከጠባ በኋላ ነው። የገዙት ባልና ሚስት መምህራን ናቸው። ከጎረቤት ሰምተው ነው የመጡት፤ ዌብሳይቱን አይተውትም አያውቁ። ደላላው ግን «በዌብሳይታችን ሸጥነው» እያለ ያወራል። ያውራ ብዬ ተውኩት።

ባልቴቷ ሲወጡ ሁለቱም ልጆቻቸው መጡ። ወንዱ ሳጥኑን ባጃጅ ላይ ይጭናል፣ ሴቷ መቃኑን ተደግፋ ታለቅሳለች፤ አይነጋገሩም። እናታቸው መሐል ቆመው የቱ ዕቃ ለማን እንደሚሰጥ ያዛሉ።

ኋላ ላይ ክፍላቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። ግድግዳው በቅርቡ የተመረገ ነው፤ መደብና አንዲት በርጩማ አለችበት። ቆቡ ፊታቸውን አሳንሶታል።

«ለመዱት?»

«ደወል ሲሰማ እነሣለሁ። ሌላ የሚቀሰቅሰኝ የለም» አሉ።

ስወጣ ስልኬ ጠራ። ደላላው ነው። ሰሞኑን ዓለም ከተማ ላሉ ቤቶችም ገጽ ክፈቺ እያለ ይነዘንዘኛል። ቁልቁለቱን ወርጄ መኪና መንገዱ እስክደርስ ድረስ አላነሣሁለትም።