የእግር ጣት የሚታይበት ውሃ

ጎፋ ውስጥ አንድ ዓሣ ቤት ተቀጥሬ ዓሣ እገፍፋለሁ። ደንበኛው ስሜን አያውቅም፤ ጾም ሲገባ ግን ሁሉም ወዳጄ ነው። ዓሣ ይጾማል አይጾምም ብሎ ከሚከራከር ሰው ጋር አፍ አልካፈትም። ለብለብ ላለ ለለብለብ፣ ኮተሌት ላለ ለኮተሌት አዘጋጅቼ እሰጣለሁ፣ ያበቃል።

አንድ ልማድ ብቻ አለኝ። ቆሮሶ የምትባለው ዓሣ እጄ ስትገባ ቢላዋ ከማንሳቴ በፊት በአውራ ጣቴ አፏን ከፍቼ አያለሁ። የቤቱ ባለቤት መጀመሪያ ጊዜ እንደማባክን አድርጎ ይቆጣኝ ነበር። አሁን ትቶኛል።

ነገሩ የአባቴ ነው። ቆሮሶ እንቁላሏን የምትታቀፈው በአፏ ውስጥ ነው። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉም በኋላ አጠገቧ ይዋኛሉ፤ የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ አፏን ትከፍትላቸዋለች፣ ተንጋግተው ይገባሉ። ይህን ከታንኳ ላይ ጎንበስ ብዬ በዓይኔ አይቻለሁ። አባቴ መረቡን ሲስብ እያንዳንዷን አፏን ከፍቶ ያያል። ጫጩት ካለባት "አፏን የሞላች ናት" ይልና በሁለት እጁ ይዞ ቀስ አድርጎ ወደ ውሃው ይመልሳታል። የሐይቁ ዳር አጥማጅ ሁሉ እንዲህ ያደርግ ነበር። ደንብ የጻፈለት የለም፣ የሚቀጣውም አልነበረም። ጎፋ የምትደርሰኝ ቆሮሶ በበረዶ የደረቀች ናት። አፏ ውስጥ ምንም የለም። ቢሆንም እከፍታለሁ።

አገሬ ሁለት ሐይቅ አላት። ትልቁ ከመንገዱ ሥር ነው፤ ትንሹ ከኮረብታው ጀርባ። ልጆች ሳለን ጠዋት ጠዋት ውሃ ከመቀዳቱ በፊት እኛን ነበር የሚልኩን። ደረታችን ድረስ እንገባና አንገታችንን ደፍተን እናያለን። የእግራችን ጣቶች አንድ በአንድ ከታዩ "ይታያል" ብለን እንጮሃለን፣ እናቶቻችን እንስራቸውን ይዘው ይወርዳሉ። ካልታዩ ከብት ገብቶበታል ወይም ጎርፍ ወርዶበታል ማለት ነው፤ እስኪጠራ ይጠበቃል። አዲስ አበባ ስንት ዓመት ኖሬ እንደዚያ የሚያስደስት ሥራ አላገኘሁም። እግሬን አይቼ መጮህ።

ትልቁን ሐይቅ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ግን እኔም ነኝ።

ያኔ ወጣት አባወራ ነበርኩ፣ የአጥማጆቹም አለቃ። ሰዎች መጡና ከሌላ አገር ሐይቅ የመጣ፣ ቶሎ የሚያድግ፣ ካርፕ የሚባል ትልቅ ዓሣ እንልቀቅላችሁ አሉ። የአጥማጆች ማኅበራችን ጸሐፊ ከእኔ የሚያንስ ልጅ ነው፤ ከመካከላችን ፊደል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ወረቀት ዘረጋ። ምን ይላል ስለው "ልማት ነው ጋሼ" አለኝ። አውራ ጣቴን ይዞ ቀለም ውስጥ ነከረና ወረቀቱ ላይ ተጫነው። የእኔን ያዩ ሁሉ ተከትለው ጣታቸውን ሰጡ። ዓሣው በበርሜል መጥቶ ሲለቀቅ አጨበጨብን።

አንድ ሁለት ዓመት ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ትልልቅ ዓሣ አወጣን። ካርፕ ግን ምግቡን የሚፈልገው እንደ አሳማ የውሃውን ሥር እየቆፈረ ነው። ቆሮሶ ዳር ዳሩ አሸዋ ላይ እንደ ሳህን ክብ አድርጋ የምታበጀውን ጎጆ እየገለበጠ አለፈ። ውሃው እየደፈረሰ ሄደና የጠላ አተላ መሰለ። የእርሻው አፈርም እየታጠበ ይገባበታል፣ መረቡም በዝቷል የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ እኔ ባለሙያ አይደለሁም። እኔ የማውቀው አንድ ጠዋት ሴት ልጄ ገብታ ጉልበቷ ላይ ስትደርስ እግሯ እንደጠፋባት ነው። ከዚያ በኋላ ማንንም ልጅ አንልክም ነበር።

ቆሮሶው ሲጠፋ አዲስ አበባ ገባሁ። ማን ነው ሐይቃችሁን እንዲህ ያደረገው ያለኝን ሁሉ "ከላይ የመጡ ሰዎች" እለዋለሁ። የጣቴን ነገር ለሚስቴም አልነገርኩም። አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል መቁጠር ጀመርኩ። አስተማሪዋ ለምን መማር እንደፈለግሁ ስትጠይቀኝ መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ አልኳት። ውሸት ነው። ያን ወረቀት ባገኘው ላነበው ፈልጌ ነው። ወረቀቱን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

አምና የአገራችን ተወላጆች ማኅበር መካኒሳ አቦ፣ የእድሩ አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ያ ጣቴን ቀለም የነከረው ጸሐፊ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቷል፣ መነጽር አድርጓል፣ ሰውም ያከብረዋል፤ ለማኅበሩ ብዙ ደክሟል። ለበዓል አገር ቤት ስንገባ ስጦታ ይዘን እንገባለን አለ። ስጦታው የዓሣ ጫጩት ነው፣ የሚለቀቀው ትንሹ ሐይቅ ውስጥ ነው። በርሜሎቹ ላፍቶ እሱ ግቢ ደርሰዋል፣ ባነሩም ታትሟል። በሚቀጥለው ስብሰባ እናጸድቃለን አለና ተቀመጠ።

እኛ ማኅበር ውስጥ እጅ ማውጣት፣ ድምፅ መቁጠር የሚባል ነገር የለም። አንድ ነገር የሚጸድቀው በጭብጨባ ነው። አዳራሹ ካጨበጨበ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ የሚናገር ሰው ነገር ፈላጊ ነው።

ስለዚህ የሁለት ሳምንት እሑዶቼንና የዕረፍት ሰዓቴን ይዤ ከቤት ወደ ቤት ዞርኩ። ከመካኒሳ ብስራተ ገብርኤል፣ ከዚያ ላፍቶ። የጠየቅኋቸው አንድ ነገር ነው፤ ኑ፣ ግን አታጨብጭቡ። ትልቁን ሐይቅ አስታወስኳቸው። አብዛኞቹ ሳቁብኝ። አንዱ የሚኒባስ ሾፌር ዓሣ እየሸጥኩ ዓሣ የምጠላ እኔን ብቻ እንዳየ ነገረኝ። ብስራተ ገብርኤል ያለች የአክስቴ ልጅ ለሰው ስጦታ እንዴት አይጨበጨብም፣ ነውር ነው አለችኝ። ጎረቤቴ ጴንጤ ነው፤ እጸልይልሃለሁ አለኝ። ጸሎቱን እዚያው አዳራሹ ውስጥ መጥቶ እንዲያደርገው፣ ሁለት እጁንም እንዲያያይዝ ነገርኩት። ሁሉም ግን መጨረሻ ላይ ያችኑ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ ትልቁን ሐይቅ ማን ነው ያበላሸው? እኔም ያችኑ መልስ እሰጣለሁ፤ ከላይ የመጡ ሰዎች።

ስብሰባው ቀን ሊቀመንበሩ ዕቅዱን አስረድቶ ሲጨርስ ከፊት ያሉት አጨበጨቡ። ከመሃል ወደኋላ ግን ዝም አለ። ጭብጨባው ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ቀጭ ቀጭ ብሎ ቀረ። ሊቀመንበሩ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ሲፈልግ እኔን አገኘ።

"ጋሼ፣ ሰዉን ሲቀሰቅሱ እንደሰነበቱ ሰምቻለሁ" አለ፣ ፈገግ ብሎ። "ትልቁ ሐይቅ ላይ እኮ የመጀመሪያው ፊርማ የእርስዎ ነው። ጣትዎ አለበት። ወይስ ረሱት?"

አዳራሹ ወደ እኔ ዞረ። የአክስቴ ልጅም፣ ሾፌሩም። ተነሣሁ።

"የኔ ነው" አልኩ። "ከላይ የመጡ ሰዎች እያልኩ ስዋሻችሁ ኖሬያለሁ። እነሱ አመጡት እንጂ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ። አንተ ጣቴን ይዘህ ነበር። ምን ይላል ስልህ ልማት ነው አልከኝ። የዛሬውን ወረቀት ስጠኝ፣ ራሴ ላንብበው።"

ሰጠኝ። ክፉ ሰው አይደለም። እኔ ሳነብ ጣቴን ፊደሉ ላይ ካላስኬድኩ መስመሩ ይጠፋብኛል፤ ቀስ ብዬ አነበብኩ። ከኋላ የሚያጉረመርሙ ነበሩ፣ ፈጠን በል የሚልም ነበር። አልፈጠንኩም። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ ለእነሱ ነው የማነበው። የዓሣው ዓይነት ላይ ስደርስ ካርፕ የሚለውን ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ትንሹ ሐይቅ ዳር የሚኖረውን ሰው ስለመጠየቅ የሚል መስመር ፈለግሁ፣ የለም። የለም ብዬ ወረቀቱን መለስኩለት።

ከፊት ከተቀመጡት አሮጊቶች አንዷ፣ ባላቸው ከአባቴ ጋር በአንድ ታንኳ ያጠምዱ የነበሩ፣ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ።

"ልጄ" አሉት ሊቀመንበሩን፣ "ይሄ አዲሱ ዓሣ አፏን የሞላችዋን ይተዋታል?"

እሱም የአጥማጅ ልጅ ነው። መነጽሩን አወለቀ። ቢዋሽ የሚያምነው ነበር፤ የተማረ ነው። ወረቀቱን ቢያነብም መልሱ የለበትም።

"አላውቅም፣ እናቴ" አለ።

ማንም አላጨበጨበም። ከፊት አጨብጭበው የነበሩትም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

ጫጩቶቹ ወደመጡበት የእርባታ ኩሬ እንዲመለሱ፣ ማኅበሩም በምትካቸው ለተማሪዎች ደብተር ይዞ እንዲገባ ተወሰነ። ትንሹ ሐይቅ ዳር ሰሌዳ ይተከል የሚል ሐሳብም መጣ፤ ጽሑፉን እኔ እንድጽፍ ሰጡኝ። "ከሌላ ውሃ ዓሣ አምጥቶ እዚህ መልቀቅ ክልክል ነው" ብዬ ጻፍኩ። ፊደሎቼ ዘምመዋል። ማክሰኞ ላፍቶ ሄጄ በርሜሎቹ መኪና ላይ ሲጫኑ ቆሜ አየሁ። አላመንኩትማ። ሊቀመንበሩ ከበሩ ብቅ ብሎ አየኝና ገብቼ ሻይ እንድጠጣ ለመነኝ። አልገባሁም። አሁን ሳስበው መግባት ነበረብኝ።

በዓሉ ሲደርስ ሁሉም ሄዱ። እኔ ቀረሁ። ወደ ትንሹ ሐይቅ የሚያስገባው መንገድ በትልቁ ዳር ነው የሚያልፈው፤ ብሄድ ኖሮ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሰዉ በመስኮት ሲያየው፣ እኔ ወዴት እንደማይ አላወቅሁም። ስንት ዓመት ነው ሳላየው።

ትንሹ ሐይቅ ዳር የምትኖረው ታላቅ እህቴ ጠዋት ደወለች። እኔ ዓሣ ቤቱ ጓሮ ነበርኩ፣ እጄ ቅርፊት በቅርፊት። ሰሌዳው እንደተተከለ፣ እንግዳው እንደበላና እንደጠጣ ነገረችኝ። አንተስ ምነው ቀረህ አለችኝ። ሥራ ነው አልኳት። ሥራ እንዳልሆነ ታውቃለች።

"እትዬ፣ ውሃው ዳር ነሽ?"

"ዳር ነኝ።"

"እስቲ ግቢልኝ።"

"በዚህ እርጅናዬ? በጠዋት? አብደሃል እንዴ አንተ?" አለች። ቀጥሎ የተሰማኝ ግን ቀሚሷን ሰብስባ ስትገባ የውሃው ድምፅ ነው። ቀዝቅዟት እፍ እፍ እያለች ስትሄድ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ተጭኜ ቆምኩ። ከዚያ ቀጥ አለች።

"ሳትዋሺኝ" አልኳት።

ውሃው እስኪረጋ ጠበቀች። እያየች እንደሆነ አወቅሁ።

"ይታያል" አለች። መጀመሪያ በቀስታ ነበር። ከዚያ እንደ ልጅነታችን፣ እናታችን ኮረብታው ላይ እንስራዋን ይዛ የምትጠብቅ ይመስል፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው።