ሽማግሌ ያስማማው ሰንሰለት

አባቴ ከተጋባን በኋላም ባለቤቴን «ሰውዬሽ» እያለ ነበር የሚጠራው። «ሰውዬሽ ደህና ነው?» «ሰውዬሽ ያንን ነገር አሁንም ያስጮኸዋል?» አምቦ ውስጥ ስሙ የታወቀ አናጢ ነበርና፣ አንዲት ልጁን በሞተር መጋዝ ዛፍ ለሚጥል የጎጆ ከተማ ሰው መስጠቱ አልተዋጠለትም። አናጢ እንጨትን በእጁ ያውቀዋል፤ ሞተር የያዘ ሰው ግን ለእሱ እንጨት ፈጂ ነው። በዚያ ላይ የባለቤቴ ቤተሰቦች ጴንጤዎች ስለሆኑ ቤታቸው ጠላ አይጠመቅም። ይህኛውን እንኳ ቀስ በቀስ ይለምደዋል ብዬ ነበር። መጋዙን ግን እንጃ።

ጎጆ ከተማ ዳር አዲስ ቤት ሠርተን ቆርቆሮ ካለበስነው በኋላ፣ ከጓሮው ያለ አንድ ትልቅ ባህር ዛፍ ወደ ጣሪያችን አዘንብሎ ቀረ። የጎጆ ንፋስ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ከገበሬ ማህበሩ ፈቃድ አገኘን፤ ባለቤቴም ከሚሠራበት የደን መሥሪያ ቤት መጋዙን አስፈቀደና ለቅዳሜ ደቦ ተጠራ።

አባቴ ከአምቦ በጭነት መኪና ጋቢና መጣ። ላግዛችሁ ነው ይላል። ለመታዘብ እንደመጣ ግን ከአስተያየቱ ገባኝ፤ ዛፉን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ያ ዛፍ ቆርቆሯችን ላይ ካረፈ ባለቤቴ በአባቴ ዓይን ዕድሜ ልኩን «ሰውዬሽ» ሆኖ እንደሚቀር አውቄዋለሁ። ጭንቅ ያዘኝ።

ባለቤቴ እንደ ልማዱ ጀመረ። ሞተሩ መጥፋቱን አይቶ፣ በድንገት እንዳይነሣም የካንዴላውን ገመድ ነቀለ፣ ጓንቱን አጠለቀ፣ ሰንሰለቱን በመጋዙ ረጅም ብረት ዙሪያ አለበሰው፤ ከላይ በኩል የጥርሶቹ ስለት ወደ ፊት እንዲያይ አድርጎ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ሰንሰለቱን ከሥር ሳብ አደረገና «ላልቷል» አለ። የባለቤቴ አባት፣ አማቴም፣ ሞፈርና ቀንበር ጠፍረው ማሰር የለመዱ ገበሬ ናቸውና «ኤዬ፣ ላልቷል» አሉ። ሁለቱ አባቶች ከሠርጉ ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው። ባለቤቴ እነሱ ደስ እስኪላቸው ድረስ ብሎኑን በካቻቢቴ አጠበቀ፤ ዞር ሲሉ ደግሞ መልሶ አላላው። ሰንሰለት ከሥር ሲስቡት ትንሽ ወጣ ብሎ በራሱ መመለስ አለበት፤ በጓንት ሲጎትቱትም ሳይያዝ መሮጥ አለበት። ለኔ ስንት ጊዜ ነግሮኛል። ለአባቴ ግን በየት በኩል ይንገረው? እኛ ዘንድ አማች በአማቱ ፊት እንኳን «ተሳስተዋል» ሊል፣ ጮክ ብሎም አይስል።

ከዚያ ሞረዱ ወጣ። ሰንሰለቱ ደንዝዞ ስለነበር ባለቤቴ ሊስለው ሲል፣ የሁለቱም አባቶች እጅ እኩል ተዘረጋ።

«አናጢ ቆሞ?» አለ አባቴ።

«የቤቱ አባት ቆሞ?» አሉ አማቴ።

ማንም አልለቅም አለ። ደቦው መጥረቢያውን ተደግፎ ይጠብቃል። በመጨረሻ አንድ ጎረቤት ሽማግሌ ተነሡና ነገሩን እንደ ድንበር ክርክር ዳኙት። የመጋዝ ሰንሰለት ጥርሱ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ ያያል። እንግዲህ ቀኝ ቀኙ ለሙሽሪት አባት፣ ግራ ግራው ለሙሽራው አባት ይሁን ተባለ። ሰው ሁሉ በፍርዱ ተደሰተ። ሰንሰለቱን ሁልጊዜ ብቻውን፣ ጥርሱን ሁሉ እኩል እየሞረደ የሚስለው ባለቤቴ ግን መሬት መሬቱን ያያል።

አባቴ ተጠበበበት፤ ጥርሱን ነክሶ ሞረደው፣ ደጋገመው። አማቴ በተራቸው እንደ ማጭድ ዳበስ ዳበስ አድርገው «ይበቃዋል» ብለው ተዉት።

ባለቤቴ ወደ ዛፉ አልሄደም። «አባቶች ቆመው አይዋሉ፣ መቀመጫ ልቁረጥላቸው» አለኝና መሬት ላይ ከተጋደመ ግንድ ሁለት ጉማጅ ቆረጠ። ሆን ብዬ አይደለም ይላል እስከ ዛሬ። ይዋሻል።

አባቴ እንደተቀመጠ ወደ ጎን አዘነበለ። «መሬቱ ነው» አለ። አማቴም ተቀመጡና አዘነበሉ፤ እሳቸውም መሬቱን ወቀሱ። ጉማጃቸውን ተለዋወጡ። አሁንም ያው። እንግዲህ የሚስቅ ሁሉ ፊቱን ያዞር ጀመር። አባቴ ተነሣ፣ ጉማጁን አገላብጦ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየው። በአንድ ወገን ወፍራም፣ በሌላው ቀጭን ነው። ሰንሰለቱን አየ፣ ዛፉን አየ፣ ጣሪያውን አየ።

«መጋዙ ወደ ጎን እየሄደ ነው» አለ። «የኔ ጥርሶች አጥረዋል፣ የእርስዎ ረዝመዋል።»

«ኦቦ፣ እኔማ የዘመድ ዕቃ ነው ብዬ አላስጨነቅሁትም» አሉ አማቴ፤ ሳቁም ያኔ ፈነዳ። አባቴ አልሳቀም። ሞረዱን አንሥቶ ለባለቤቴ ሰጠው።

«እንካ። ሁሉንም አንተ።»

ባለቤቴ የካንዴላውን ገመድ እንደገና ነቅሎ ተቀመጠ። አጭሩን ጥርስ ፈልጎ ሌሎቹን በእሱ ልክ አወረዳቸው፤ ሞረዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል፣ ሲመለስ ብረት አይነካም። አባቴ አጠገቡ ቆሞ ከእጁ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ከዚያ ዛፉ በገመድ ታሰረ፤ ደቦው ከሩቅ ሆኖ ወደ ታጨደው የገብስ ማሳ ወጥሮ ያዘው፣ ሞተሩም ጮኸ። እኔ ማየት አቅቶኝ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩ። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ገልጬ አየሁ። ዛፉ ማሳው ላይ ተዘርግቷል፣ ቆርቆሯችን እንዳለ አለ። ያለ አንዳች ሐፍረት አለቀስኩ።

ምሳ በግ በድንች፣ መጠጡም የማያሰክረው ቅሪቦ ነበር። ባለቤቴ ጉማጆቹን አስተካክሎ ቆርጦ ዳር ላይ አስቀመጣቸው። አባቴ የራሱን በመዳፉ ተጫነው፣ አልተነቃነቀም፤ ተቀመጠ።

«ልጄ» ብሎ ተጣራ።

ሳህን ይዤ እያለፍኩ ነበር። «አቤት አባባ» አልኩ።

«አንቺን አይደለም» አለኝ።